የዳማ ጆሮ

የደነዘዘውን ምላጭ በዘይት አራሰችና የውሻውን ክርን በግራ እጇ ቆንጠጥ አድርጋ ያዘች። ቆዳው ቀልቶ ደም ብቅ እስኪል ድረስ ቀስ እያለች ፋቀችው። ስለታም ምላጭ ይቆርጣል፤ የደነዘዘው ግን የላይኛውን ቆዳ ከነጉዱ ሰብስቦ ያመጣል። ፍቅፋቂውን ቀጭኗ መስታወት ላይ አሳርፋ ማይክሮስኮፑ ሥር ከተተችና አንድ ዓይኗን ጨፈነች።

በእንስሳት ክሊኒኩ ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲሁ ስትፍቅና ስታይ ኖራለች። ዶክተር ሄደ፣ ዶክተር መጣ፤ እሷ ግን ከዚያች ባለ ሦስት እግር በርጩማ አልተነቃነቀችም። የእናት አባቷን ስም የሚጠራ የለም፤ ሁሉም «መነጽር» ይላታል። ባል አላገባችም፣ ልጅ አልወለደችም፤ ያፈራችው ሀብት ቢኖር ይኸው ቅጽል ስም ነው። «መነጽር አይታዋለች» ከተባለ ነገሩ አበቃ ማለት ነው።

የዚያን ቀን ውሻውን ይዞ የመጣው ታላቅ ወንድሟ ነበር፤ የጣውላ መጋዘን ጥበቃ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በጥበቃ ቤቱ ውስጥ አልጋው ግርጌ የሚተኛለት ዳማ የሚባለው ይህ ውሻ ብቻ ነው።

«ሲያክ ይውላል፣ ሲያክ ያድራል፣ እታለም። የጆሮው ጫፍ ተመለጠ፣ ክርኑ ተመለጠ፣ ሆዱ ተመለጠ። እኔ ራሰ በራ፣ እሱ ራሰ በራ፤ ሠራተኞቹ አባትና ልጅ መጡ እያሉ ይስቁብናል።»

«ወንድምጋሼ፣ አንዴ ዝም በል፤ ልይበት።»

አየች። ምንም አልነበረም። ሌላ ቦታ መፋቅ ነበረባት፤ ከዚያም ሌላ። የእከክ ተባይ ቆዳ ውስጥ ምሶ ይደበቃል፤ አንዴ ተፍቆ ታጣ ማለት የለም ማለት አይደለም። ይህን ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ስታስተምር የኖረችው እሷው ናት። ግን በሩ ላይ ሰው ተሰልፏል፤ ከሰልፉ መካከል የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ ሚስት ነጭ ቡችላዋን ታቅፋ፣ «እኔ መነጽር ካላየችልኝ አልሄድም» ትላለች። ደስ አላት። አፏን ሞልታ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ «እከክ አይደለም፤ ቁንጫ ነው» አለች።

«አንቺ ካልሽ አለቀ» አለ ወንድሟ። ሄዶም ለሥራ አስኪያጁ በኩራት ነገረው።

ሦስት ሳምንት የቁንጫ ዱቄት ነሰነሰበት። ዳማ ባሰበት። ቆዳው ወፍሮ እንደ ዝሆን ተሸበሸበ፤ የታከከበት ጣውላ ሁሉ ደም ነካው። ከዚያ ወንድሟም ወገቡንና ክንዱን ማከክ ጀመረ። ሠራተኞቹ ሳቁን ትተው መሸሽ ያዙ፤ አንዱማ እሱ ከተነሳበት ወንበር ላይ አልቀመጥም አለ።

ሁለተኛ ሲመጣ ምላጩን አላነሳችም። የዳማን የጆሮ ጫፍ በሁለት ጣቷ አጥፋ አሸት አሸት አደረገችው። የኋላ እግሩ ተነስቶ አየሩን ያክ ጀመር። ስታቆም አቆመ፤ ስታሽ ጀመረ። እከክ የያዘው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ይህንንም ታውቅ ነበር። ያን ቀን ጆሮውን ነካ ለማድረግ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅባትም ነበር።

«ምነው፣ ፊትሽ ተለወጠ?»

«ምንም።»

ዶክተሩ መርፌ ወጋው፤ ሁለተኛው በሁለት ሳምንቱ እንዲደገም አዘዘ፤ የሚተኛበት ጨርቅ እንዲቃጠል ተናገረ። ወንድሟም ጤና ጣቢያ ሄዶ ቅባት ተሰጠው። «ተባዩ ቶሎ ይሞታል» አለ ዶክተሩ፤ «ጸጉሩ ግን በደንብ እስኪበቅል ከወር በላይ ይፈጃል።»

ሥራ አስኪያጁ ደግሞ የሚያየው ጸጉሩን ነው።

«አባባ፣ ያን ጊዜ እህቴ ቁንጫ ነው አለች አሉኝ። አሁን እከክ ነው፣ ታክሟል ይሉኛል። የቱን ልመን? እስከ ሐሙስ ማታ የክሊኒኩን ወረቀት ያሳዩኝ፤ አለዚያ ዓርብ ውሻ ለቃሚዎቹን ጠርቼ አስወግደዋለሁ።»

ዶክተሩ ሰኞ ዕለት ጻፈላቸው፦ የመጀመሪያው ምርመራ ስህተት ነበር፤ ውሻው ሕክምና ላይ ነው፤ ይድናል። ፈረመበትና «መርማሪ» ከሚለው ሥር የእሷን ቦታ ክፍት ተወላት። «እትዬ፣ የማይሳሳት እኮ የማይሠራ ብቻ ነው» አላት። ይህን ያለው ሊያጽናናት ነው፤ ለእሷ ግን የሰደባት ያህል ሆነባት።

«እኔ በዚህ ሳምንት በሩን ጥዬ መሄድ አልችልም፤ አንቺ አድርሺልኝ» አለ ወንድሟ። «ቢሮው መንገድሽ ላይ ነው። ምሳውን እንኳ እዚያው ነው የሚበላው፤ አታጪውም።»

ማክሰኞ እስከ ደረጃው ሄደች። ነጯ ቡችላ መስኮቱ ላይ ተቀምጣ ወደ መንገዱ ታያለች፤ ሚስትየዋ ውስጥ ናት ማለት ነው። ተመለሰች። ረቡዕ ዝናብ ነው ብላ ቀረች፤ ዝናቡ ግን ጃንጥላ የሚያስይዝ አልነበረም። ሐሙስ፣ ለማስፈራራት ነው እንጂ አያደርገውም ብላ ራሷን አሳመነች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእሷን ግን አንዲት ፊርማ ታሸው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሟ ገመድ ብቻ ይዞ ክሊኒኩ መጣ።

«ለቃሚዎቹ ሲጠሩት እምቢ አለ። ጥርሱን አሳያቸው። እኔ ስጠራው ግን ዘሎ መኪናው ላይ ወጣ።» ገመዱን በክንዱ ላይ ጠመጠመ። «ወረቀቱን ሰጥተሽው ነበር?»

«ቢሮው ተዘግቶ ነበር፣ ወንድምጋሼ።»

ትክ ብሎ አያት። እሷ መስታወት መወልወሏን አልተወችም።

«እሺ» አለ። ከበሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «ክርኑ ላይ ጀማምሮት ነበር፤ ጸጉሩ። ዓይን አያየውም እንጂ በጣት ስትነኪው ይሻክራል» አለና ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

ሁለተኛው መርፌ አሁንም ማቀዝቀዣው ውስጥ ነው፤ በተለጠፈበት ፕላስተር ላይ «ዳማ» ብላ የጻፈችው እሷ ናት። ወረቀቱ አራት ቦታ ታጥፎ ነጭ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ አለ፤ ካፖርቱን ስታጥብ ታወጣዋለች፣ ሲደርቅ መልሳ ትከተዋለች። ከ«መርማሪ» ሥር ያለው ቦታ አሁንም ባዶ ነው። የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ከክሊኒኩ ሁለት ፌርማታ ነው።