ወተት የምትሸት እናት

«አንቺ ራቂ! ወተት ወተት ትሸቺዋለሽ» አሉኝ አማቴ፣ ልጄን በነጠላቸው ጠቅልለው ወደ በረንዳ እየወጡ። ከገዛ ልጄ! ግን እውነታቸውን ነበር።

ልጄ ገና ጥርስ ያላበቀለ ጨቅላ ነው። በድንገት ዓይኑ ወደ ላይ ይሰቀልና ሰውነቱ ይንዘፈዘፋል። ሐኪሙ ጭንቅላቱን በኤምአርአይ ሳላይ መድኃኒት አልጀምርም አለ። ሕፃን ደግሞ ማሽን ውስጥ ጸጥ ብሎ አይተኛ፤ በማደንዘዣ ነው የሚያስተኙት። ለዚያ ሆዱ ባዶ መሆን አለበት። ነርሷ «ከሌሊት ጀምሮ ጡት የለም፣ ውሃ የለም፣ ምንም የለም» ብላ አስጠንቅቃኛለች።

ሲነጋ ልጁ ያለቅስ ጀመር። የጀሞ ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምስጢር አይችልም፤ ጎረቤቴ በር አንኳኩታ «ምነው፣ አታጠቢውም እንዴ?» አለችኝ። ማጥባት ጠልቼ! ጡቴ አግቶ ቀሚሴን አርሶታል፣ እሱ ደግሞ ሽታዬን ባገኘ ቁጥር ይብስበታል። ስለዚህ እሱ አማቴ እቅፍ ውስጥ፣ እኔ ኩሽና ውስጥ።

ኮንትራት ታክሲ ይዘን ስንሄድም እኔ ከፊት፣ እነሱ ከኋላ ሆንን። ለቡ መብራት ኃይል ጋ መንገዱ ተዘጋጋ። ልጁ ይጮሃል፣ ሹፌሩ ክላክስ ያንባርቃል፣ እኔ ተራችን እንዳያልፍ እቁነጠነጣለሁ። ድንገት ኋላ ጸጥ አለ። ዞር ስል ልጁ ከንፈሩን ይልሳል።

«ምን አደረጉለት?»

«አባበልኩታ!» አሉ። ተመስገን ብዬ ዞርኩ።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ብረት ያለበትን ሁሉ አስወለቀችው፤ የልብሱን መርፌ ቁልፍ፣ ማተቡ ላይ ያለችውን የብር መስቀል። አማቴ መስቀሏን ተቀብለው በጡጫቸው ጨበጧት። ማደንዘዣ የሚሰጠው ሐኪም መጣና «ምንም አልቀመሰም አይደል?» አለ።

«ምንም!» አልኩ ኮራ ብዬ።

መርፌው እጁ ላይ ተተከለ። ሐኪሙ መድኃኒቱን በሲሪንጅ ስቦ ጠጋ ሲል አማቴ «ቆይ! ቆይ የኔ ልጅ!» ብለው ጮኹ። «ጠበል ቀምሷል።»

«ምን?!» አልኩ።

«ጠበል እኮ በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው። ምግብ መቼ ሆነና? ታክሲው ውስጥ፣ በጠርሙሱ ክዳን፣ ትንሽ ትንሽ...»

እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ጠበል የሚጠጡት እህል ሳይቀምሱ ነው። የሐኪሙ ባዶ ሆድና የእሳቸው ባዶ ሆድ አንድ መስሏቸዋል። ይሄ የገባኝ ግን በኋላ ነው። ያን ሰዓት ደሜ ፈልቶ «ልጄን ሊገድሉብኝ ነው እንዴ?» ብዬ ሰው ፊት ጮኽኩባቸው።

ሐኪሙ ሲሪንጁን አስቀመጠ። «ተኝቶ ቢያስመልሰው ሳንባው ውስጥ ይገባ ነበር። እንኳን ተናገሩ እናቴ። ውሃ ብቻ ከሆነ ትንሽ እንጠብቅና እንሠራዋለን» አለ።

ኮሪደሩ ላይ ልጄን ከአማቴ እጅ ነጥቄ ታቀፍኩት። ወዲያው አፍንጫውን ደረቴ ላይ እየደፈቀ ጡቴን ፈለገ። ሲያጣው እሪ አለ፣ ተንቀጠቀጠ፤ ያ ነገር ሊነሳበት ነው ብዬ ነፍሴ ወጣች። ምን ላድርግ? አብሮን የመጣ ሌላ ሰው የለም። አሁን ለሰደብኳቸው ሴትዮ መልሼ ሰጠኋቸው። እሹሩሩ እያሉ ኮሪደሩን ይመላለሱበት ጀመር።

ተራው ደረሰና አስተኙት። እጁ ዝልፍልፍ እንዳለ ይዘውት ገቡ፣ በሩ ተዘጋ። ማሽኑ ቆርቆሮ ቤት የሚመቱ ይመስል ይደበድባል። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ባይነቃስ? ባይነቃ ምን ይውጠኛል?

«እማማ» አልኩ፣ «ያ ጠበል ተርፏል?»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ባዶ ሆዴን ነኝ» አልኳቸው።

ጠርሙሱን ከቦርሳቸው አወጡ፣ አፉን በነጠላቸው ጠርገው ሰጡኝ። እያለቀስኩ ጠጣሁ።

ድብደባው ካቆመ በኋላም ብዙ ጠበቅን። በመጨረሻ ነርሷ ብቅ ብላ «ነቅቷል፤ እናቱ ገብታ ታጥባው» አለች። ከውስጥ የልጄ የሻከረ ለቅሶ ይሰማል። እኔ ግን በሩ ጋ ደርሼ ቆም አልኩ። አማቴ ጀርባዬን ገፋ አደረጉኝ።

«ሂጂ እንጂ!» አሉ። «አሁንማ ያሽትሽ።»