በኋላ ማርሽ ወደ ፋይሊ

ክሌመንት ኦግደን በሃሊፋክስ ከተማ ፒያኖ እየቃኘ የኖረ፣ ጆሮው ለራሱም ዕረፍት የማይሰጠው ሰው ነበር። የጎረቤት በር ሲያንቋርር ከሰማ «ግማሽ ድምፅ ወርዷል» ብሎ ዘይት ይዞ የሚያንኳኳ ዓይነት። በሕይወቱ ሦስት መኪና ቢኖረውም እንደ መጀመሪያዋ የወደዳት የለችም። ርግብማ ቀለም ያላት፣ ባለ አራት በር፣ መቀመጫዋ አሮጌ ቦርሳ ቦርሳ የሚሸት የቤተሰብ መኪና ነበረች፤ ጡረታ ከወጣ ጥርስ ሐኪም የገዛት። ስሟን ዊኒፍሬድ አላት። እሑድ እሑድ እያጠበ፣ እየወለወለ፣ ለሚያልፈው ሁሉ «ሞተሯ ፋ በምትባለው ኖታ ላይ ነው የሚዘፍነው» ይል ነበር።

ይህን የማይቀበሉት አማቱ ወይዘሮ ሄፕዚባ ብቻ ነበሩ። ሁልጊዜ የኋላ ወንበር ላይ ስለሚቀመጡ «መኪና መኪና ትላላችሁ፤ እኔ ያየሁት የሰው ማጅራት ብቻ ነው» እያሉ ያጉረመርማሉ።

በ1963 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ እነሱ ዘንድ በጋ በሆነው በሐምሌ፣ ክሌመንት ሚስቱን ኢኒድንና አማቱን ጭኖ ለአንድ ሳምንት ዕረፍት ፋይሊ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ተነሣ። የሚያርፉበት ቤት ባለቤት ምሳ የምታቀርበው ልክ በሰባት ሰዓት ነው፤ አንድ ደቂቃ ካለፈ ጳጳስም ቢመጣ በሩ አይከፈትም። ፋይሊ ለመድረስ ዘጠኝ ማይል ሲቀራቸው ክሌመንት መንገድ መሳቱን ዐወቀ። ለመዞር አንድ የእርሻ በር አፍ ላይ የኋላ ማርሽ አስገባ። ክርርር የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ማርሹም እዚያው ተቀረቀረ።

«ክሌም፣ ምን ሆነች?» አለች ኢኒድ።

«የኋላ ማርሽ ገባችና አልወጣም አለች።»

«ወደ ፊትስ?»

«ወደ ፊት የሚባል ነገር ቀርቷል።»

«ታዲያ ቂጧን ወደ ፋይሊ አዙረህ አትነዳትም?» አሉ ወይዘሮ ሄፕዚባ። «ፋይሊ እንደሆነች መኪናው በየት በኩል መጣ ብላ አትጠይቅ!»

ክሌመንት አንገቱን እንደ ጉጉት አዙሮ፣ አንድ እጁን ወንበሩ ላይ ጥሎ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት ጉዞ ጀመረ። ወይዘሮ ሄፕዚባ ወንበሩ ላይ ተንበርክከው በኋላ መስታወት መንገዱን ያዩ ጀመር። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት ናቸው። «ወደ ግራ! በግ አለ! እሱ ደግሞ በግ አይደለም፣ ቄስ ነው፤ ቀጥል!» እያሉ እንደ መርከብ አዛዥ አዘዙ።

ኢኒድ ግን ፊቷ ወደ መጡበት ስለሆነ የምታየው ከኋላቸው የሚመጣውን ነው።

«ክሌም፣ ሰዎች እየመጡ ነው።»

«ምን ዓይነት ሰዎች?»

«ጥቁር የለበሱ። አንደኛው ተኝቷል።»

ሬሳ የጫነ ረጅም ጥቁር መኪና ነበር፤ ከሱ ኋላ የለቀስተኛው መኪኖች ተሰልፈዋል። መንገዱ ጠባብ፣ ግራና ቀኙ የድንጋይ ካብ፤ ማለፊያ የለውም። የሬሳው መኪና ሹፌርና ኢኒድ በሁለት መስታወት ውስጥ ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ኢኒድ ስትበላ የነበረውን የእንቁላል ሳንድዊች ቀሚሷ ሥር ደበቀችና እጅ ነሣች። ሹፌሩም ረጅሙን ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣ። ይህም በየመታጠፊያው ተደጋገመ፤ የጀመሩትን ማን ያቁመው?

መንገድ ዳር ያሉ ሰዎች ቆባቸውን አወለቁ። መስቀለኛው መንገድ ላይ አንድ ፖሊስ «ቁም!» ሊል እጁን አነሣ፤ ወዲያው የሬሳ ሣጥኑን ሲያይ ያንኑ እጅ ወደ ግንባሩ ወስዶ ሰላምታ ሰጠ፤ ሌላውንም መኪና ሁሉ አስቁሞ አሳለፋቸው። ወይዘሮ ሄፕዚባ ጓንታቸውን አጥልቀው በኋላ መስታወት ለሕዝቡ እጃቸውን ያወዛውዛሉ።

እንዲህ ሆነው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ደረሱ። በር ላይ የቆሙት ሰዎች «በዚህ፣ በዚህ» እያሉ ወደ ግቢው አስገቧቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ የመኪናዋን በር ከፍተው የወይዘሮ ሄፕዚባን እጅ ያዙ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«አሜን፤ አንገቴን ነው እንጂ ሌላው ደህና ነኝ።»

ከፊተኛው አግዳሚ ላይ አስቀመጧቸው። ከዚያ በኋላ «እኛኮ ለዕረፍት እየሄድን ነው» ለማለት ማን ይደፍራል? ወይዘሮ ሄፕዚባ ከለቀስተኛው ሁሉ በላይ አለቀሱ፤ ሟቹ ሆራስ ስተቢንስ መባሉን የሰሙት ገና እዚያው ነው።

ከቀብር በኋላ ለሻይና ለሥጋ ሳንድዊች ሲጠሩ ክሌመንት የሬሳውን መኪና ሹፌር ጥግ ወስዶ ያዘው።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ እዚህ አካባቢ ካምቢዮ የሚያውቅ መካኒክ ይኖር ይሆን?»

«አንድ ጎበዝ ነበረን።»

«የት ባገኘው ይሻላል?»

ሹፌሩ ወደ መካነ መቃብሩ ዞሮ አየ። «አሁን እኮ አብረን ቀበርነው።»

ይህን ሁሉ የሟቹ ሚስት ሜቪስ ከኋላቸው ቆማ ትሰማለች። አጠር ያለች፣ ባርኔጣዋ ከራሷ የሰፋ ሴት ናት።

«ወደ ኋላ የመጣችሁት እናንተ ናችሁ?» አለችው።

«እመቤቴ፣ በደለኛ ነኝ፤ ፈልገን አይደለም...»

«ዝም በል። ከቤት ጀምሮ እያለቀስኩ ነው የመጣሁት። እዚያ መታጠፊያው ላይ ሚስትህ ለሹፌሩ ለአርኖልድ እጅ ስትነሣ ሳይ ሳቅ አነቀኝ። ትከሻዬ ሲርገፈገፍ ሰው ሁሉ ኀዘኑ የጠናብኝ መስሎት መሐረብ አቀበለኝ። ሦስት መሐረብ!» ከዚያ ባርኔጣዋን አውልቃ ለቄሱ አስያዘች። «ሠላሳ ዓመት መፍቻ ሳቀብለው ኖርኩ። ‹አንቺ አቀብዪ እንጂ አትንኪ› ነበር የሚለኝ። ዛሬ ማን ይከለክለኛል? ና፣ አንተ አቀብል።»

የሆራስን ቱታና መፍቻዎች ከጋራዡ አስመጥታ፣ ቱታውን በጥቁር ቀሚሷ ላይ ደርባ ዊኒፍሬድ ሥር ገባች። ለቀስተኛው ሲኒውን እንደያዘ ወጥቶ ከበባቸው። ክሌመንትም ፒያኖ ቃኚ መሆኑን እየነገራት መፍቻ ያቀብላት ጀመር።

«ዐሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ አልኩህ። ይሄ ዐሥራ አራት ነው! ፒያኖ የምትቃኘው እንዲህ ነው?»

«ጨለማ ሆኖብኝ ነው እመቤቴ።»

«ጨለማው እኔ ጋ ነው ያለው!»

ሩብ ሰዓት ያህል ከታገለች በኋላ አንድ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ክሌመንት ገብቶ የፊት ማርሽ አስገባ፤ መኪናዋ አንድ ክንድ ወደ ፊት ራመድ አለች። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሜቪስ ፊቷ በግራሶ ጠቁሮ ከሥር ወጣችና በዚያች ቅጽበት ነው በእውነት ያለቀሰችው። ኢኒድ የእንቁላል ሳንድዊቹን የጠቀለለችበትን ጨርቅ አራግፋ እንባዋን ጠረገችላት፤ ግራሶውም አብሮ ተጠረገ።

ፋይሊ የደረሱት በዐሥር ሰዓት ነው። የምሳው በር ተዘግቷል፤ እነሱ ግን ጠግበዋል። ያኮረፉት ወይዘሮ ሄፕዚባ ብቻ ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀምሮ የዐይናቸው ማረፊያ ተመልሶ የክሌመንት ማጅራት ሆኗል።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ክሌመንት ዘይት ለማስቀየር እንኳ የሃሊፋክስን መካኒኮች እያስቀየመ ሜቪስ ዘንድ ያን ሁሉ መንገድ ይነዳ ነበር። ሜቪስ ጋራዡን በሥርዓት ከፍታ ሃያ ሁለት ዓመት ሠራችበት። አንዳንድ አዲስ ደንበኛ ግን ሲመጣ ቱታ የለበሰችውን ሴት አልፎ ውስጡን እያማተረ «መካኒኩ የለም እንዴ?» ይላል።

«አለ፤ ቆይ እጄን ልታጠብና ልጥራልህ» ትለዋለች። ትገባለች፣ ተረጋግታ ትታጠባለች፣ ተመልሳ መጥታም «አቤት፣ ጠርተኸኝ ነበር?» ትለዋለች።