ካልሲ የለበሰችው ኮምፒውተር

በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሁለት ማሽኖች በሰዓት አልተስማሙም። የልብ ምት መከታተያው ልክ በሦስት ሰዓት ደውያለሁ ሲል፣ መድኃኒት ማንጠብጠቢያው የተነካሁት ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው አለ። በዚህ ልዩነት አንዲት ነርስ ዘግይታለች ተብላ ከሥራ ታገደች። የሆስፒታሉ የጥገና ሠራተኛ ሥራዬ ብሎ የያዘው ይህንን ነው።

ዝምተኛ ሰው ነው። የጋውኑ እጅጌ በብየዳ ተበሳስቷል፤ የመነጽሩ ጆሮ በቀጭን ሽቦ ታስሯል። መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ከፍቶ ሰዓቷን የሚመራውን ክሪስታል ነቅሎ የተሻለ በየደላት። ነገሩ እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ! በሥራ ክፍሉ መስኮት ላይ ያቆመው አንቴና ከሳተላይት በየሰከንዱ አንድ ምት ይቀበላል፤ እሷ ደግሞ ትክክለኛውን ሰዓት በኔትወርክ ለማሽኖቹ ሁሉ ታድላለች። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያገኛት ግን ስለምትዛነፍ የሱፍ ካልሲ አልብሷታል።

“ኮምፒውተርም ይበርዳታል እንዴ?” ብላ ሳቀችበት የጽዳት ሠራተኛዋ።

“ብርዱንስ ትችለዋለች፣ እትዬ። አንዴ ሞቆ አንዴ ሲበርድ ነው የምትቀባዥረው።”

ሥራውን ላይ ሄጄ ሳለ፣ የታገደችው ነርስ እህቱ መሆኗን የነገረችኝም ይህችው ሴት ናት፣ እሱ ሲወጣ ጠብቃ።

አሁን የሆስፒታሉ ማሽኖች ተመሳሳይ ሰዓት ይናገራሉ። የዚያን ክፍል ሁለቱን ብቻ ሳያርም ጠረጴዛው ሥር አቆይቷቸዋል። ጠዋት ጠዋት ከትንሿ ኮምፒውተር ጋር እያስተያየ በቀን ስንት ሰከንድ እንደሚዛነፉ ይጽፋል፤ በዚያ ልክ እህቱ ዘገየች እስከተባለበት ማክሰኞ ወደ ኋላ ያሰላል። ከአራቱ ደቂቃ ሦስቱ የማሽኖቹ ጥፋት መሆኑን ደርሶበታል። የቀረችውን አንዷን እየፈለገ ነው።