ጨው የሚባል ሰው

የያዙኝ መካነ ኢየሱስ መናኸሪያ፣ ስልክ እያወራሁ ነው። አርብ ገበያ ከተማ ስልክ የሚጠግን ጓደኛ አለኝ፤ ለሱ ነው ጮክ ብዬ «ጨው ጨምርበት፤ ውጥረቱ ይብሳል፣ ያኔ ይታጠፋል» ያልኩት። ከኋላዬ የቆመው ሰው የሰማው ይህችን ነው። አገሩ ሁሉ ጦርነት ላይ በነበረበት በዚያ ሰሞን መናኸሪያ መሃል «ውጥረት» እያለ የሚጮህ ቂል እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ ገብስ ገብስ ይሸታል። ጠዋት ለምርመራ ጠሩኝ።

«ጨው ማነው?» አለኝ መርማሪው።

«ጨው ነው፣ አለቃ። የወጥ ጨው።»

«የት ነው የሚኖረው?»

«ሱቅ።»

በጥፊ አጮለኝ። እኔ እኮ እውነቴን ነው።

አስረዳሁት። መዳብ በስሱ ጠፍጥፈው አንድ ፊቱን የጥፍር ቀለም ይቀቡታል፤ ከዚያ ጨው ውሃ ውስጥ ያቆሙታል። የባትሪ ድንጋይ ሲያገናኙበት ውሃ የነካው ፊት ይወጠራል፣ መዳቡም ለዓይን በማይታይ ልክ ይታጠፋል። መታጠፉ የሚታወቀው መብራት ሲያበሩበት ከመዳቡ ነጥራ ግድግዳ ላይ የምታርፈው የብርሃን ነጥብ ስትንቀሳቀስ ነው። ከቪዲዮ ነው ያየነው። አስራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤቱ ተዘጋብኝ እንጂ ምክንያቱንም በነገርኩት።

«እስቲ አሳየኝ» አለ። ዕቃውን ከቤቴ አስመጣ።

ነጥቧ ግድግዳው ላይ አረፈች። ድንጋዩን አገናኘሁ። ምንም የለም። ጨው ጨመርኩ፣ ደግሜ አገናኘሁ። ጠረጴዛው ሲነካ ብቻ ትወዛወዛለች። ቤት ስትሄድልኝ የከረመች ነጥብ እዚያ ግግም አለች። ከጥፊው ይልቅ እሷ ናት ያስለቀሰችኝ።

«በቃ ተወው» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጨው ያ ስልክ ያወራኸው ልጅ ነው። እሱ ነው በልና ፈርም፤ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

በሩ ገርበብ ብሏል። ውጭ ሰው ከአህያው ጋር ሲጨቃጨቅ ይሰማል።

«ለሱ እናቱ ስም አውጥታለታለች» አልኩት። «ጨው አይደለም።» እስክሪብቶውን ገፋሁት።

ወደ መጋዘኑ መለሱኝ። አብረውኝ የታሰሩ የስማዳ ሽማግሌ ሰሌናቸው ላይ ቦታ ለቀቁልኝ።

«ምን አልካቸው፣ ልጄ?»

«ጨው ጨው ነው አልኳቸው፣ አባቴ።»

«ታዲያ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?» አሉና ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

ከወራት በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ። ጓደኛዬ ዛሬም ስልኩን ይጠግናል። ያን ቀን ምን ፈርም እንደተባልኩ አልነገርኩትም። ቢሰማ ያመሰግነኛል። ያልሆነውን ሆነ ስላላልኩ መመስገን ደግሞ ያንገበግበኛል።