ለልጅ የተቀመጠ ሕመም

እትዬ ሱፈን ዕድሜዋን የፈጀችው የሐር ጥልፍ ላይ አቀርቅራ ነው። በእኛ በቻይናዋ ሱዡ ከተማ እንዲህ ያለች ሴት ስታረጅ አስቀድሞ የሚከዳት ዓይኗ ሳይሆን አንገቷ ነው። የሷ ደግሞ ባሰ። የቀኝ ትከሻዋ ጡንቻ ተቋጥሮ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ነበር።

እኔ ከቤቷ ፊት ለፊት የምሠራ የባህል ሐኪም ነኝ። በመርፌ፣ በዋግምት፣ በጭቁኝ ጢስ ስንቱን አንገት አቃንቻለሁ። የሷን ግን አላስነካ አለችኝ።

«ኧረ ግቢና ልይልሽ» እላታለሁ በሬ ላይ ስታልፍ።

«ይቆይ። ልጄ ሃይታኦ ሲመጣ አንገቴን ይፍቅልኛል።»

«እሱ የሚመጣው ለአዲስ ዓመት ነው እኮ! እስከዚያ እንደ ግመል ተጣመሽ ልትከርሚ ነው?»

«ብጣመምስ፣ ያንቺን አንገት አልተዋስኩ!»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሷ ግን አልደበቀችም፣ አስቀመጠችው እንጂ። ሃይታኦ አንድ ልጇ ነው፤ ሩቅ ከተማ፣ ሼንዠን ነው የሚሠራው። ትንሽ ሳለ አንገቷን ዘይት ቀብቶ ሕመሙ እንዲለቃት በጎሽ ቀንድ መፋቂያ ቆዳዋ እስኪቀላ ይፍቅላት ነበር። ካደገም በኋላ ለበዓል ሲመጣ ሻንጣውን አስቀምጦ የሚያነሳው ያንኑ ቀንድ ነው። እኛ ዘንድ የጎረመሰ ልጅ እናቱን አያቅፍም፤ ያፍራል። እናትም «ናና እቀፈኝ» አትልም። ሕመም ካለ ግን እጅ ሰበብ ያገኛል። ይናፍቃታል፤ ናፍቆቷን ሲጠይቋት ግን «አንገቴን» ነው የምትለው። ይህ ሲገባኝ መጨቅጨቄን ተውኩ። አሳዘነችኝም፣ አናደደችኝም።

በዓሉ ሲቃረብ ብርዱ በረታ። ትከሻዋ ብርድ ገባበትና ክንዷን ማንሳት አቃታት፤ ጎረቤቶች ደግፈው አመጡልኝ። መርፌ ሰካሁ፣ ዋግምት አደረግሁ፣ በጭቁኝ አሞቅሁ። ስትመላለስ ቋጠሮው እየላላ ሄደ። አንድ ቀን ጣቴን አሳርፌ ብፈልግ፣ ብፈልግ፣ የለም።

«ዳንሽ!» አልኳት ደስ ብሎኝ።

አለቀሰች። «ታዲያ እሱ ሲመጣ ምኔን ይነካልኛል?»

ሻይ ቀዳሁላት።

የበዓሉ ዋዜማ እራት ጠራችኝ። ሃይታኦ መጥቷል፤ አንገት የሚያሽ የኤሌክትሪክ ማሽን ገዝቶላታል። ኮቱን ሳያወልቅ አንገቷ ላይ አጠለቀላትና «በቃ፣ ከእንግዲህ እኔን አትጠብቂም!» አላት በኩራት። ከዚያ ስልኩን ይዞ ተቀመጠ። ማሽኑ ያጉረመርማል። እሷ ገበታው ላይ ያለው ዓሣ እስኪቀዘቅዝ ልጇን ታየዋለች። እኔ ማሽኑን አንስቼ በደጃፋችን የሚያልፈው ቦይ ውስጥ ብጥለው ደስ ባለኝ።

«ሃይታኦ» አለችው፣ «ይሄ ነገር አይደርስበትም።»

«የቱ ጋ?»

«ትከሻዬ ላይ።»

ስልኩን አስቀምጦ መጣና ማሽኑን አወለቀላት። መዳፎቹን አሻሽቶ አሞቀ፤ ትከሻዋን ይዞ በአውራ ጣቱ እየጫነ ወረደ፣ ወጣ። ዓይኗን ጨፈነች።

«እማዬ፣ ምንም አላገኘሁም እኮ።» ወደ እኔ ዞረ። «አክስቴ፣ ቋጠሮው የት ጋ ነው?»

እትዬ ሱፈን ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

«ጠልቋል» አልኩት። «ቶሎ አይገኝም። ቀስ ብለህ ፈልገው።»