የፀጉር ቤቱ መስታወት

ከመሰላል ላይ አውርደው ነው የወሰዱኝ። እጄ ላይ የመስታወት ማጣበቂያ ስቱኮ ነበር፤ ታጠቢ ያለኝ የለም።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ፒያሳ አንድ የመስታወት ሱቅ ውስጥ እሠራ ነበር። የስድስት ኪሎ ተማሪዎች ሰልፍ በወጡ ማግስት የአንድ ፀጉር ቤት መስኮት ልቀይር ተላክሁ። ቀዳዳውን በጣቴ ዳሰስኩና “ይሄማ ድንጋይ አይደለም፣ ጥይት ነው” አልኩ። ለራሴ ያልኩ መስሎኝ። ሴት መሰላል ላይ ስትወጣ ቆሞ የማያይ የለም፤ ከቆሙት አንዱ ጆሮ ጠቢ ኖሯል።

የፖሊስ ጣቢያው የሴቶች ክፍል ወለሉ እርጥብ ሲሚንቶ ነው፤ ሽንትና ዲዲቲ ይሸታል። አንዲት ተማሪ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። ከበሩ እስከ ግድግዳው ስድስት እርምጃ ነው፤ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ቤት የተውኳት የአራት ወር ልጅ አለችኝ፤ ጡቴ ተወጥሮ ቀሚሴን አርሶታል።

“እትዬ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ወለሉን ጨረሱት እኮ” አለችኝ ተማሪዋ።

“አንቺስ ምን አድርገሽ ነው?”

“የፀጉር ቤት መስታወት በድንጋይ ሰብረሽ ሰው አቁስለሻል አሉኝ። እኔ እንኳን ድንጋይ፣ ኳስ ወርውሬም አግኝቼ አላውቅ።”

የትኛው ፀጉር ቤት እንደሆነ ጠየቅኳት። ያው ነው።

ከሰዓት በኋላ መቶ አለቃው ዘንድ ወሰዱኝ። ጠረጴዛው ላይ የተጻፈ ወረቀትና ቀለም የጠጣ ጨርቅ አለ።

“ድንጋይ ነው በይና ሂጂ፣ ልጅሽን አጥቢ።”

“ድንጋይ አይደለም ጌታዬ።”

“መስታወቱ ነገረሽ?”

“አዎን ጌታዬ። ድንጋይ ቀርፋፋ ነው፤ መስታወቱ ጎበጥ የሚልበት ጊዜ ያገኛል። ከዚያ ስንጥቁ እስከ ጠርዙ ይሮጥና ሁሉም ይረግፋል። ጥይት ያን ጊዜ አይሰጠውም፤ የነካትን ቦታ ብቻ በስቶ ያልፋል። በገባበት ጠባብ ነው፣ በወጣበት ሰፋ ብሎ ይሸረፋል። የፀጉር ቤቱ ቀዳዳ የሚሰፋው በውስጥ በኩል ነው።”

“በወንጭፍ ቢሆንስ?”

“አገር ቤት ነው ያደግኩት፤ ወንጭፍ አውቃለሁ። መስታወቱን እንዳለ ባወረደው ነበር።”

“ጥይቱ ታዲያ የት አለ?”

“ከመስኮቱ ትይዩ ያለው ግድግዳ ተለስኗል ጌታዬ። ኖራው ገና እርጥብ ነው።”

መንገዱ ላይ ጠመንጃ የያዘው ማን እንደነበር እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ጨርቁን ወደ እኔ ገፋው።

“አውራ ጣትሽን።”

ሴትን ብዕር ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። እኔ ደግሞ ፊደል የለየሁት መስታወት ተጠቅልሎ ከሚመጣበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው፤ ብቻዬን፣ በምሳ ሰዓት። ወረቀቱን ወደ ራሴ አዞርኩት። “ማንበብ ስለማልችል ተነቦልኝ፣ በድንጋይ መሰበሩን አረጋግጫለሁ” ይላል።

በሩን አየሁት። ወተቱ ሆዴ ድረስ ወርዷል። እውነቱን ልናገር፣ አውራ ጣቴ ቀለሙን ነክቶ ነበር።

ጣቴን በቀሚሴ ጠረግኩና “ብዕር ይስጡኝ” አልኩት። ምን እንደነካው እንጃ፣ ሰጠኝ። ከጽሑፉ ሥር “ማንበብ እችላለሁ። ጥይት ነው፤ ከመንገድ ነው የመጣው” ብዬ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። ፊደሎቹ አንዱ ካንዱ ተጋጭተዋል።

ክፍሉ ስመለስ ተማሪዋ “ፈረሙ?” አለችኝ። ፊቷ ጠቁሯል። የጻፍኩትን ነገርኳት። የራሰውን ቀሚሴን አይታ፣

“ልጅዎስ?” አለች።

መመላለሴን ቀጠልኩ።

አሥራ ዘጠኝ ቀን አቆዩኝ። ስወጣ ወተቴ ደርቋል፤ ልጄን ጎረቤቴ ከራሷ ልጅ ጋር ስታጠባ ሰንብታለች፤ እኔ ሳቅፋት ሕፃኗ አለቀሰች። ተማሪዋን ከእኔ በፊት ፈተዋታል፤ በወረቀቴ ይሁን በአማላጅ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያቺ ልጄ አሁን የልጆች እናት ናት። ይህን ባነሳሁባት ቁጥር “እማዬ፣ ብትፈርሚ ማን ይፈርድብሽ ነበር?” ትለኛለች።

ማንም። ያን ቀን ያስፈራኝም የሚፈርድብኝ አለመኖሩ ነበር።