ከባሌ ጋር ተቆራኝቼ ወደ ፈረንጅ ችሎት

ከመጀመሪያ ባሌ በዳኛ ፊት ተፋታሁ ስል ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀኝ "ይመታሽ ነበር?" ብሎ ነው። አልመታኝም። ሰካራምም አልነበረም። እንዲያውም ያኔ ጅቡቲ ከነበሩት ያገሬ ሰዎች ሁሉ እንደሱ እጁ የሚጣፍጥ ወጥ ሠሪ አልነበረም፤ ያፋታንም ይኸው ሙያው ነው። ለባቡሩ ሥራ የመጣ አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ቤት ያበስል ነበርና፣ ሰውዬው አገሩ ሊገባ ሲነሣ ያለ እሱ ምግብ አይበላልኝም ብሎ ድርቅ አለ። ባሌም አንድ ጠዋት፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ከነገ ወዲያ በመርከብ እሄዳለሁ፤ ጠብቂኝ" አለኝ።

"እስከ መቼ?" አልኩት።

"እስክመለስ።"

የምንኖረው ከባቡር ጣቢያው ወዲህ፣ በእንጨትና በቆርቆሮ በተሠሩ የሐበሻ ቤቶች መካከል ነበር። በዚያ ሰፈር በየሁለት ሦስት ቤቱ ባሏን የምትጠብቅ ሴት አትጠፋም። አንዱ ኤደን ተሻግሯል፣ ሌላው ከጌታው ጋር ባሕር አቋርጧል። የግድግዳ ጎረቤቴ ባል ከሄደ ብዙ ዘመኑ ነው። ሞቷል ብላ እርሟን እንዳታወጣ መርዶ የለ፤ አለ ብላ እንዳትጽናና ወሬ የለ። ሰው ቢጠይቃት "ባለ ባል ነኝ" ትላለች፤ የታመመች ቀን ግን ውሃ የሚያቀብላት አልነበረም። ቄሱ እንኳ ጸሎት ሲያደርሱላት ስሙን ከሙታን ይጥሩት ከሕያዋን ግራ እየገባቸው ይንተባተቡ ነበር። እኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ እሷን መሆን ከሞት ይልቅ ፈራሁ።

"እንግዲያው ፍታኝና ሂድ" አልኩት።

ሳቀ። "ምን በደልኩሽና?"

"ገና ልትበድለኝ ነው።"

እንደ ቀልድ ቆጠረው። በማግስቱም ነገሩን ባነሣሁበት ቁጥር ስለ ሻንጣው፣ ስለ ጫማው፣ ስለ ማዕበሉ ያወራልኝ ጀመር። መርከቡ የሚነሣበት ቀን ጠዋት ነጭ ኩታውን ደርቦ ወዳጆቹን ሊሰናበት ወጣ። ቤት ተቀምጬ ማልቀስ አማረኝ፤ ከዚያ ደግሞ በለቅሶዬ ተናደድኩና ነጠላዬን አንሥቼ ተከተልኩት።

የደረስኩበት ገበያው ውስጥ፣ ዓሣ ሻጮቹና ከሰል ሻጮቹ በሚጋፉበት ቦታ ነው። ጀርባውን አየሁት፤ በደስታ እየተራመደ ወደ ወደቡ መንገድ ሊታጠፍ ነው። ልመናዬ ሁሉ አልቆ ነበር። ያን ጊዜ ሳላስበው ቃሉ ከአፌ ወጣ። "በንጉሥ አምላክ ቁም" አልኩት።

ያገራችንን የጥንት ሥርዓት ለማያውቅ ሰው ልንገረው። በዚህ ቃል የተጠራ ሰው፣ ባለ ጠመንጃም ይሁን ባለ ርስት፣ ካለበት ይቆማል። ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው፣ ተቆራኝተው፣ አብረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፤ ቋጠሮውንም ከዳኛ በቀር የሚፈታው የለም። ይህ ግን እዚያ ነው፤ ንጉሡ ወታደርና ግዞት ባለው አገር። ጅቡቲ የፈረንሳይ መሬት ናት። የኔ ቃል በዚያ ገበያ ከዓሣ ሻጩ ጩኸት የሚበልጥ ኃይል አልነበረውም፤ የመናዊው ዓሣ ሻጭም ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ወደ ወደቡ የሚወስደው መንገድ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር።

ባሌ ቆመ። ሊያነሣ የነበረውን እግር መለሰው። ዞሮ ወደ እኔ መጣና የኩታውን ጫፍ ዘረጋልኝ። የደነገጥኩት እኔ ነኝ። ከነጠላዬ ጫፍ ጋር ቋጠርኩት። ዛሬ አርጅቼም ያን ሳስብ ጸጉሬ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ አውሮፕላንም መኪናም አይቻለሁ፣ እንደዚያ ያስደነቀኝ ነገር ግን አላየሁም።

እንደዚያ ሆነን በጠራራ ፀሐይ ከተማውን አቋረጥን። የሱማሌ ሴቶች እየተጠቋቆሙ ሳቁብን፤ ሸክም ተሸካሚዎቹ ዐረቦች መንገድ ለቀቁልን። ጥቂት እንደሄድን አላስቻለኝም።

"ለምን ቆምክ? እዚህ ማን ያስርሃል?" አልኩት።

"ጠራሽኝ እኮ" አለ። "በዚህ ቃል ተጠርቶ ጥሎ የሄደ ሰው ከዚያ ወዲያ ምን ሰው ነው?"

የፈረንጆቹ ፍርድ ቤት ነጭ፣ ባለ ቅስት፣ ባለ ሰፊ ደረጃ ሕንፃ ነው። እኔ የማውቀው ችሎት ዛፍ ሥር ወይም የመኳንንት ደጅ ነበርና፣ ጣሪያውን አንጋጥጬ ሳይ ራሴን ሊያዞረኝ ምንም አልቀረውም። ውጭው እሳት ነው፤ ውስጡ ግን እንደ ምንጭ ዳር ይቀዘቅዛል። ዘበኛው ቋጠሯችንን አይቶ ሊያላቅቀን እጁን ሲሰድ፣ "ተው፣ አትንካ" የሚል ድምፅ በሱማልኛ ከለከለው። የችሎቱ አስተርጓሚ ነበር፤ ሐረር ከሚሲዮኖች ዘንድ ፈረንሳይኛ ተምሮ ያደገ፣ ባርኔጣና ክራባት የሚያደርግ፣ ሸበት ያለ ያገራችን ሰው። ጉዳያችንን ሰምቶ ወደ መዝገብ ቤቱ አስገባን።

እዚያ ክፍል ያየሁትን ለመናገር ቃል ያጥረኛል። ከወለል እስከ ጣሪያ ግድግዳው ሁሉ መዝገብ ነው፤ ጀርባቸው በቆዳ የተለበደ፣ ወፋፍራም መዝገቦች። የተወለደው፣ የሞተው፣ የተጋባውና የተፋታው ሁሉ እዚህ ተጽፎ ይቀመጣል አለኝ አስተርጓሚው። መዝገብ ያዡ ፈረንጅ ላብ በላብ የሆነ ደግ ሰው ነበር፤ መደመሜን አይቶ አንዱን አውርዶ ገለጠልኝ። ፊደል የሚባል አላውቅም፣ የነሱንም የኛንም። አስተርጓሚው ግን በጣቱ እያሳየ፣ "ይኸውልሽ፣ የነዚህ ባልና ሚስት ጋብቻ ገጹ መካከል ላይ ነው። ሲፋቱ ደግሞ ፍቺያቸው እዚያው ጠርዙ ላይ ይጻፋል" አለኝ። አዎ፣ ጠርዙ ላይ በሌላ ቀለም፣ በደቃቅ ጽሕፈት የተጻፈ ነገር ነበር። እነዚያ ሁለት ሰዎች ዛሬ አንዱ የት አንዷ የት እንደሆኑ ማን ያውቃል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ጎን ለጎን አሉ። ለጥቂት ጊዜ የመጣሁበትን ረስቼ ያን ገጽ ብቻ አየሁ።

"የናንተስ ገጽ የት ነው?" አለ ፈረንጁ በአስተርጓሚው በኩል።

የተጋባነው ድሬዳዋ፣ በሰማንያ ነው። ዳኛ ፊት ቆመን፣ "ንጉሥ ይሙት" ብለን ምለን፣ ዋስ ጠርተን። የጻፈው ሰው አልነበረም። ያን ብንነግረውም ሰውዬው ተስፋ አልቆረጠም፤ ምናልባት ብሎ መዝገብ እያወረደ፣ ጣቱን ከላይ ወደ ታች እየነዳ ፈለገን። ጣቱን በዓይኔ እከተል ነበር፤ የሆነ ቦታ ላይ ድንገት የምንገኝ ይመስለኝ ነበር። በመጨረሻ መዝገቡን ከደነ።

"ፈረንጁ የሚለው፣ ጋብቻችሁ እኔ ዘንድ ስለሌለ ፍቺያችሁን የምጽፍበት ጠርዝ የለኝም ነው" አለ አስተርጓሚው። "ወይ የተጋባችሁበት አገር ሂዱ፣ ወይ ያገራችሁን ጉዳይ የሚያይላችሁን ቆንስል ጠይቁ ይላል።"

ያገራችንን ጉዳይ የሚያየው ሰው ሙቀቱን ሸሽቶ ደጋ ወጥቷል። የድሬዳዋ ባቡር የዚያን ዕለት የለም። እስላም ብንሆን ኖሮ ቃዲው እዚያው ከተማ ውስጥ ነበር። ደረጃው ላይ ወጥተን ቆመን ሳለን ከወደቡ የመርከቡ ጥሩምባ ተሰማ። ባሌ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ቁም ብለሽኝ ቆምኩልሽ። ዳኛ ከጠፋ ምን ላድርግ?" አለኝ። እውነቱን ነው።

በዚህ መሐል አስተርጓሚው ለምሳ ጃንጥላውን ዘርግቶ በአጠገባችን ሊያልፍ ሆነ። በአገራችን ዳኛ በሌለበት መንገድ ላይ ተሟጋቾች የሚያልፈውን ሰው አስቁመው ዳኛ ያደርጉታል። እግሩ ሥር ተንበረከክሁ፤ ተቆራኝተናልና ባሌም አብሮኝ ጎንበስ አለ።

"ጌታዬ፣ በንጉሥ አምላክ ይዳኙን።"

የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር። የፈረንጅ ደመወዝተኛ ነው፤ ጫማው ያብረቀርቃል። ዞሮ የሚሠራበትን ሕንፃ አየ፣ እኛን አየ። ከዚያ ጃንጥላውን አጥፎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ አስቀመጠና ድንጋይ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። "ከሳሽ፣ ተናገሪ" አለ።

ተናገርኩ። ያለ ሞት ባልቴት፣ ያለ ባል ባለ ባል መሆን አልፈልግም አልኩ። ባሌም ተራው ሲደርስ፣ "ሚስቴ ናት፤ አልበደለችኝም፣ አልበደልኳትም። እመለሳለሁ" አለ።

"መቼ?"

"ጌታዬ ሲፈቅድልኝ።"

"ሳይፈቅድልህ ቢቀርስ?"

ባሌ ወደ ወደቡ ዞሮ አየ። ውሃ ሻጮች፣ ተሸካሚዎች፣ ዘበኛውም ሳይቀር ከበውናል። አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስማኝ ልጄ፣ እኔ እዚህ ወታደር የለኝም፣ የማስገድድህም ነገር የለኝም። ይህች ሴት የታሰረችው በቃልህ ነው፤ የምትፈታውም በቃልህ ነው" አለው።

ጥሩምባው እንደገና ጮኸ። አልፈታም ብሎ ኩታውን ነጥቆኝ ቢሄድ የሚይዘው አልነበረም። ዕድሜዬን ሁሉ የሚወስን አንድ ቃል አፉ ውስጥ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከንፈሩን ብቻ አያለሁ።

"ተመልሼ ብመጣና ባል ሳታገባ ባገኛትስ?" አለ በመጨረሻ።

"እንደ ማንኛውም ባዳ፣ ሽማግሌ ትልካለህ።"

"እሺ። ሽማግሌ እልካለሁ" አለ። "እንግዲያው ትፈታ።"

አስተርጓሚው አልጋውን ለኔ፣ ሳጥኑን ለሱ አካፈለን። ከዚያ ተነሥቶ ፍርዱን በአማርኛ ተናገረ። መቼም ሥራው ነውና በዚያ አላበቃም፤ ፍርዱን በሱማልኛ ደገመው፣ በዐረብኛ ሠለሰው፣ በመጨረሻም በራፉ ላይ ወጥቶ ለቆመው መዝገብ ያዥ በፈረንሳይኛ ነገረው። "ሰምታችኋል?" አላቸው። ሱማሌዎቹ "ሃዬ" አሉ፣ ዐረቦቹ "ጠይብ" አሉ፣ ፈረንጁም ጥቂት አስቦ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ስሜን የማያውቅ ሕዝብ፣ ምስክሬ ሆነ። ደረጃው ላይ ቆሜ እንባዬ ወረደ፤ የፍርሃት ይሁን የደስታ እስካሁን አልለየሁትም።

ዳኛችን ቋጠሮውን ፈታልን። ባሌ ኩታውን አስተካክሎ፣ እጅ ነስቶኝ፣ ወደ ወደቡ ሄደ። አልሸኘሁትም፤ ባዳ ሆኛለሁና አይገባኝም።

ከጊዜ በኋላ አንድ ልብስ ሰፊ አገባሁ። ጨዋ ሰው ነው፤ ልጆች ወለድን፤ የጎረቤቴ ዕጣ አልደረሰብኝም። ያ ሰው ሽማግሌ አልላከም። ይኑር ይሙት አላውቅም፤ ማወቅም ግዴታዬ አይደለም፣ ፍርዱ ይህን ከላዬ አንሥቶልኛል። ነገር ግን ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች ወደ ሰፈራችን ሲገቡ ባየሁ ቁጥር፣ ልብስ ሰፊው ባሌ ቤት ውስጥ እያለ እንኳ፣ መጥረጊያ አንሥቼ ደጄን እጠርጋለሁ።